ሰዓት የሌለው ጨዋታ፦ «ኢፈስ» የተባለው ፊልም

«ኢፈስ»ን ለማየት ቤዝቦል (አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን የአሜሪካኖች ጨዋታ) ማወቅ አያስፈልግም። ሰፈር ለሰፈር ኳስ ተጫውቶ ማደግ ይበቃል። ካርሰን ሉንድ ያዘጋጀው ፊልም ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ታሪኩ አንድ ቀን፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ግጥሚያ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዘመኑ 1990ዎቹ። ሜዳው ላይ ትምህርት ቤት ሊሠራ ስለሆነ ሁለት የአማተር ቡድኖች ለመጨረሻ ጊዜ ይገናኛሉ። አብዛኞቹ ቦርጫም፣ ትንሽ ሮጠው የሚያለከልኩ ናቸው። ቢራቸው ከጎናቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቤዝቦል ሰዓት የለውም። እኛ ጋ 90 ደቂቃ ሲሞላ ዳኛው ይነፋል፣ አለቀ። እዚያ ዘጠኝ ዙር ነው፤ እኩል ከወጡ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። የፊልሙ ነፍስ እዚህ ጋ ነች። ይመሻል፣ ዳኞቹም ጥለው ይሄዳሉ። ኳሷ አትታይም። ሰዎቹ ግን የመኪና መብራት አብርተው ይጫወታሉ። ይሰዳደባሉ፣ ይነታረካሉ፤ «ሜዳው ይናፍቀኛል» ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። የእኛ ሰፈር ልጆችም ቁርጥ እንደዚያው ነበሩ።

በጣም የወደድኩት ፍራኒን ነው። ሜዳው ዳር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ጨዋታውን በደብተሩ የሚመዘግብ ሽማግሌ ነው። ተጫዋች አይደለም፤ ግን ከሁሉም በላይ ጨዋታው የእሱ ይመስላል። የቀድሞው የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ወርዋሪ ቢል ሊ ደግሞ ሳይታሰብ ብቅ ይልና ወርውሮ ይሄዳል። ያቺ ትዕይንት ብቻዋን ፊልሙን ታስወድዳለች። ኢፈስ የሚባለው ራሱ ወደ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ውርወራ ነው። የፒትስበርግ ቡድን ወርዋሪ የነበረው ሪፕ ሰዌል በ1940ዎቹ ያስለመደው ነው። መቺው መጠበቅ ያቅተውና ቀድሞ ይሰነዝራል።

መጀመሪያ አካባቢ ሰው ይበዛል፤ ማን የማን ቡድን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። አክሽን የለመደም ይሰለቸዋል።

ፊልሙ ውስጥ የሚወቀስ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ይሠራል ሲባል ማን ይቆጣል? እዚህ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ የምንጫወትበት ሜዳ ላይም ጤና ጣቢያ ተሠራ። ልጄን ያስከተብኩት እዚያ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፤ ግን ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ ጎላችን የነበረበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ይህን ስሜት ሳያጋንን እንዲህ ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለም። የድሮ የቡድን ጓደኛችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ እዩት።