የካርቶን ኬክ ዱቄት ለልጅ ልደት፦ አዲስ አበባ ላይ ያዋጣል?

ዱቄቱን ግዙት፣ አብሮት የሚሸጠውን የጣሳ ክሬም ግን እዚያው ተዉት። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለውን መመሪያም እንዳለ አትከተሉት፤ ለእኛ ከተማ አልተጻፈም።

ከውጭ የሚገባው፣ ዘመድም በሻንጣ የሚልከው የተለመደው ካርቶን 430 ግራም ገደማ ነው። ሦስት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይትና 175 ዲግሪ ይላል። አንዳንዱ ላይ ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ ከፍታ ላለ ቦታ የሚሆን ማስተካከያ በደቃቁ ተጽፏል። አዲስ አበባ ግን ከ7,500 ጫማ በላይ ናት፤ በሜትር 2,300 ያልፋል። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አየሩም ስስ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ከሚገባው በላይ ቶሎ ይነፋዋል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይረጉ ኬኩ ጫፍ ይደርስና መሃሉ ስርጉድ ይላል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሚለጠፈው የኦቨኑን በር በከፈተው ሰው ላይ ነው።

ቤኪንግ ፓውደሩ አስቀድሞ ስለተቀላቀለ መቀነስ አይቻልም። ያለው መላ ሊጡን ማጠንከር ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ጨምሩ፤ ዘይቱን ወደ ሲሶ ኩባያ አውርዱት፤ ቶሎ ስለሚተን ውሃው ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። እንቁላሉ የፈረንጅ ከሆነ አራት፣ የሐበሻ ከሆነ አምስት ይሁን፤ የሐበሻው አነስ ስለሚል በቁጥር ብቻ ከሄዳችሁ ኬኩ ይፈረካከሳል። ኦቨኑ 190 ዲግሪ ይሙቅ። ሊጡን ሁለት 20 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያዎች ላይ አካፍሉት፣ ከግማሽ በላይ ግን አትሙሉ። ከ22ኛው ደቂቃ ጀምሮ መሃሉን በስቴኪኒ ወጋ እያደረጉ ማየት ነው። ሚክሰር ካላችሁ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትምቱት፤ የበዛ አየር ሌላ ቤኪንግ ፓውደር እንደ መጨመር ነው።

የቫኒላው ዱቄት ከቸኮሌቱ ይልቅ ጣፋጭነቱ ይበረታል፤ ለሕፃናት ድግስ ግን የሚያማርር የለም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ብዙ የቆየ ካርቶን ኬኩን አያነሳውም።

ወደ ጣሳው ክሬም እንምጣ። ዳቦ ላይ ቢቀባ ምንም አይልም። ለማስጌጥ ግን ለስላሳ ነው፤ በከረጢት ተጨምቆ የወጣ አበባ ሻማው ሳይለኮስ ይተኛል። 450 ግራም ገደማ የሚይዝ አንድ ጣሳም ባለ ሁለት ድርብ ኬክን ከስስ ቅብ አልፎ አያለብስም። ከእሱ 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ለብቻው እስኪነጣ አምስት ደቂቃ መምታት፣ 500 ግራም የተነፋ ደቃቅ ስኳር በሦስት ጊዜ ማስገባት፣ በመጨረሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተትና ቫኒላ ማከል ይሻላል። ቅቤው በጣት ሲጫን የሚሰረጉድ፣ ግን የማያብለጨልጭ መሆን አለበት። ከቀለጠ ክሬሙ ይፈሳል፤ ያኔ ስኳር ከመጨመር ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ እንደገና መምታት ያድነዋል።

ኬኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ክሬም አይነካውም። ከመጋገሪያው በ10 ደቂቃ ያወጡታል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። መጀመሪያ ፍርፋሪውን የሚይዝ ስስ ቅብ፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ፣ ከዚያ ዋናው ቅብ። ይህን የዘለለ ሰው ነጩ ኬክ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያገኛል። ቀለሙ ውሃ የመሰለው ሳይሆን ወፈር ያለው ይሁን። ቀይና ጥቁር ለማግኘት ብዙ ቀለም ይፈጃል፣ ይመራልም፤ ሲያድርም እየደመቀ ስለሚሄድ ከዋዜማው ቀለል አድርጎ መበጥበጥ ነው።

ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ እንቁላሉን፣ ውሃውንና ዘይቱን ትቶ አንድ ኩባያ ተኩል አምቦ ውሃ ብቻ የሚጨምር አለ። ይሠራል፤ መጀመሪያ ግን ካርቶኑ ላይ ወተት አለመጻፉን አረጋግጡ። ይህኛው እጅግ ለስላሳ ስለሚሆን አይደረብም፤ በአንድ ሰፊ መጋገሪያ ጋግሮ ሳያወጡ እዚያው አስጊጦ መቁረጥ ነው።