ለጎንደሩ የካላዛር ማዕከል ምስጋና፣ በሽተኛ ለምትልኩ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው በጎንደር ዙሪያ ቆላና ደጋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ምስጋናው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው፤ ከኮሌጁም ለይተን በሆስፒታሉ ግቢ ላለው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል። ጥቆማው ደግሞ ትኩሳት አልለቅ ያለው ሰው ቤቱ ላለ፣ ወይም እንዲህ ያለ በሽተኛ ለሚያይ ሁሉ ነው። ካላዛር፣ ማለትም በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣው የውስጥ አካል ሊሽማንያሲስ፣ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ኮሌጁ ከጅምሩ ለገጠሩ ሰው የተከፈተ ነው። በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱ በአንድ ቡድን ወጥተው ጤና ጣቢያ እንዲያቆሙ። ሐኪም ማስተማር የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ተማሪን በቡድን ወደ ወረዳ የመላክ ልማድ፣ ቲቲፒ የምንለው፣ ዛሬም አለ። ተማሪዎቹ ሲመጡ ቤት ለቤት ዞረው ይመዘግባሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራሉ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥም ያክማሉ። ለእነሱ ራሱን የቻለ ምስጋና ይገባል፤ ዛሬ ግን ወደ ካላዛር እንሂድ።

በየዓመቱ ከደጋው በርካታ ወጣት ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ይወርዳል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ቤቷ እዚያው ነው፤ ዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ፣ በግራሩ ሥር። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ የምትነክሰው ሌሊት ነው። ሠራተኛው ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ግራር ሥር ያድራል። አጎበር አለኝ የሚለውም ቀዳዳው ሰፊ፣ በመድኃኒት ያልተነከረ ወይም የተቀደደ ከሆነ ዝንቧ ታልፈዋለች።

ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። አሳሳቹ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ የተነከሰ ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጋይንት ይመለስና የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይታመማል። የደጋው ባለሙያ ታይፎይድ ይላል፣ ታይፈስ ይላል፣ ሳንባ ነቀርሳ ይላል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ወጣት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ቆላ ወርደህ ነበር?» መሆን አለበት። ሴትም ብትሆን ትጠየቅ፤ ለእርሻ ሠራተኛው ምግብ ለማብሰል የሚወርዱ አሉ።

አልወረድኩም ስላለ ብቻም አትተዉት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ የታወቀው ወረርሽኝ ካላዛር ከዚያ በፊት ባልታወቀበት ከፍ ያለ አገር የተነሳ ነው፤ መጀመሪያም መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ከቀዬአቸው ወጥተው የማያውቁ ሕፃናትም ታመዋል።

መጠርጠሪያው ይህ ነው፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ከሱ ጋር የጣፊያ ማበጥ ወይም መክሳት። ደም ማነስ፣ ነስር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ሳል ይከተላሉ። በሆድ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት በታች የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ካለ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ጻፉት። ወባ ተመርምሮ ቢገኝበትም ካላዛር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ወባው ይታከም፤ ሕክምናው አልቆ ትኩሳቱ ካልወረደ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር የወባ መድኃኒት መስጠት ቀን መግደል ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያበጠውን ጣፊያ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በምላጭ መብጣት አለ። ነጭ የደም ሴሉና ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱ ባለቀ ሰው ላይ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ይደማል፤ ሆስፒታል ሲደርስ ከካላዛሩ በፊት ቁስሉን ማከም ሊያስፈልግ ነው።

ጤና ጣቢያችሁ አርኬ 39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ካለው በጣት ደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ታምሞ ለማያውቅ፣ ምልክቱ ለተሟላ ሰው ፖዘቲቭ ከሆነ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ያሳስታል። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ በሽታው ተመልሶ ይሁን አይሁን አይለይም። ሁለተኛ፣ በተለይ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ በሽታው እያለ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን በቀጥታ ጎንደር ላኳቸው።

እዚያ የሚደረገው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወስዶ ጥገኛውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የጣፊያው ናሙና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ የምናመሰግናቸውም አንዱ በዚህ ነው። አስቀድሞ ፕላትሌቱና ደሙ የሚረጋበት ጊዜ ይታያል፤ ነፍሰ ጡር፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚደማ ወይም ደሙ በጣም ያነሰ ሰው አይወጋም። መርፌው ጣፊያ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ታካሚው በዚያች ቅጽበት ካሳለ ወይም ከተንቀሳቀሰ ጣፊያው ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ከአልጋ ሳይነሳ ደም ግፊቱና የልብ ምቱ እየተደጋገመ ይለካል። አስታማሚዎች «ደህና ነው፣ እናንሳው» እያላችሁ ሲስተሮቹን አታስቸግሩ፤ መድማት ቢኖር ወደ ውስጥ ነው፣ በዓይን አይታይም።

ላቦራቶሪው ደግሞ በጂምሳ ቀለም የተቀባውን መስታወት አይቶ ጥገኛ የለም ለማለት 1000 ፊልድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ የሚታየውን ስፍራ ሺህ ጊዜ፣ ማየት አለበት። ዓይን የሚያፈዝ ሥራ ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ውጤት ገና ነው?» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ይታገሣል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ዋናው መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በአንድነት፣ በየቀኑ በመርፌ፣ ለ17 ቀን ነው። ቀድሞ ስቲቦግሉኮኔት ብቻውን ለ30 ቀን ይሰጥ ነበር። ያሳጠረው ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሲካሄድ ከኢትዮጵያ ጎንደርና አርባ ምንጭ ነበሩበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብሎታል። አልጋ ከመያዝ 13 ቀን መትረፍ ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጠኑ በክብደት ነው፦ ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም። 40 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 800 ሚሊ ግራም ስቲቦግሉኮኔት ይወስዳል፤ ይህ 8 ሚሊ ሊትር ነው። ጡንቻው ላለቀ ሰው 8 ሚሊ ሊትር በመርፌ መቀበል ቀላል አይደለም፤ ያማል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ መውጣት የሚፈልግ የሚበዛውም ለዚህ ነው። የወጣ ሰው ጥገኛው ከውስጡ አላለቀም፤ ሲመለስበት ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል። በመሃል ብርቱ የሆድ ሕመምና ማስታወክ ከመጣ ቆሽት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለነርሷ ይነገር፤ «መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ አይደበቅ። የልብ ምት መዛባትና የጆሮ መጮህም እንደዚሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አረቄም ጠላም የለም።

ነፍሰ ጡር፣ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ፣ በጣም የተጎዳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው አምቢዞም የሚባለውን በግሉኮስ ይወስዳል። ይህ መድኃኒት ውድ ነው፤ ለዚያው 40 ኪሎ ሰው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲሰላ በአንድ ጊዜ 4 ብልቃጥ፣ በስድስት ጊዜ 24 ብልቃጥ ያስፈልጋል። ለባለሙያ አንድ ማስታወሻ፦ የሚበጠበጠው በ5 በመቶ ግሉኮስ ብቻ ነው፤ ከሳላይን ጋር ከተገናኘ ይረጋል፣ ያን ሁሉ ገንዘብ መድፋት ይሆናል። ኩላሊትና ፖታሲየምም እየታየ ነው የሚሰጠው።

ኤች አይ ቪና ካላዛር አብረው ሲኖሩ አምቢዞም ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር ለ28 ቀን ይሰጣል። ይህንንም ያሳየው ጎንደርና ቆላ ባለችው አብዱራፊ ላይ የተሠራ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሆኗል። የአንድ ክልል ኮሌጅ በራሱ ታካሚዎች ላይ ያየውን ለዓለም መመሪያ አደረሰ ማለት ነው፤ እኛ እንኮራበታለን፣ ለምን እንደማይወራለት አይገባንም። ሚልቴፎሲን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ያስመልሳል። ፅንስንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሴት ታካሚ አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ ከጨረሰችም በኋላ ለ5 ወር የእርግዝና መከላከያ መጠቀም አለባት።

አሁን ስለ አላላክ። «ካላዛር ይጣራ» ብቻ ተጽፎበት የሚሄድ ሪፈር ሥራውን ሁሉ ከዜሮ ያስጀምራል። ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ የወረደበት ቆላና ወሩ፣ የወባ ምርመራው ቀንና ውጤት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ክብደቱ፣ ሄሞግሎቢኑ፣ የኤች አይ ቪ ውጤቱ፣ ከዚህ በፊት ታክሞ ከሆነ የትና በምን እንደታከመ ይጻፍ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ የሕክምናውን ምርጫ የምትቀይረው ግን እሷ ናት። የጤና መድህን ያለው ሰው ደብተሩን ይዞ፣ ሪፈሩ ማኅተም ተደርጎበት ይሂድ፤ አለዚያ ካርድ ክፍል ላይ ይቸገራል። የካላዛር መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ ግን አለ።

መተማ ሆስፒታልና አብዱራፊም ለካላዛር የታወቁ ናቸው፤ ለቀረበው መንገዱን ማሳጠር ይችላሉ። ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው፣ የሚደማ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ካለ ግን ሌሊቱን ሳታሳድሩ ላኩት፣ ለሆስፒታሉም ቀድማችሁ ደውሉ።

ከቆላ የሚመጣው ወጣት ብዙ ጊዜ ዘመድ የለውም፤ አብሮት ያጨደው ጓደኛው አውቶቡስ ላይ ጭኖት ይመለሳል። ይህን ሰው አጥበው፣ ልብሱን ቀይረው፣ አልሚ ምግብ በማንኪያ እያጎረሱ 17 ቀን የሚያቆዩት ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ምግብ አቅራቢዎች ናቸው። ሐኪም ሲመሰገን እነሱ አይጠሩም፤ እኛ ግን እነሱን ነው ቀድመን የምንጠራው። ካላዛር ላይ ሰው የሚሞተው በጥገኛው ብቻ ሳይሆን በሳንባ ምች፣ በደም መመረዝና በረሃብ ነው፤ እነዚህን የሚከላከለው የእነሱ እጅ ነው። ጎንደር ከተማ ላላችሁ፦ መስጠት የምትፈልጉ ካላችሁ ንጹሕ የወንድ ልብስ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስቀድማችሁ ግን የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። ደምም ለግሱ።

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ቀጠሮ የ6 ወር ነው፤ መዳኑ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። ትኩሳት ከተመለሰ ቀጠሮ አይጠብቅ። ፊቱ ላይ፣ በተለይ አፉ ዙሪያ ሽፍታ ቢወጣ ከካላዛር በኋላ የሚመጣ የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይታይ፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ የቆየና የተስፋፋ ግን ሕክምና ይፈልጋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ታክሞ የወጣ ሰው ስድስት ወሩ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጥ ሲታጨድ ነው፤ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ ስሙን መዝግባችሁ ያዙና ነሐሴ ላይ፣ ለአጨዳው ከመውረዱ በፊት፣ ጣፊያውን ዳስሱት፣ ክብደቱን መዝኑት፤ የማያምር ነገር ካያችሁ ያኔውኑ ወደ ጎንደር መልሱት። ከወረደ በኋላ ማግኘት አይቻልም።