እገሌ የሚባለው መብራት፦ ከሪቻርድ ሳፐር «ቲዚዮ» ጋር 14 ወር

«ቲዚዮ» በጣልያንኛ «እገሌ» እንደ ማለት ነው። ማንም ሊሆን የሚችል ሰው ሲጠሩ ይጠቀሙበታል። የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ያለው መብራት ስሙ እሱ ነው። ከገዛሁት 14 ወር ሆነው።

ፍራንክፈርት ውስጥ ቤቴ ሆኜ የሐበሻ ቀሚስ አጠባለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ የተተረተረ ጥልፍ እመልሳለሁ። ቀን ሌላ ሥራ ስላለኝ የምሰፋው ማታ ነው። ለጥልፍ ደግሞ ብርሃን ግማሹ ሥራ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት የጠረጴዛ መብራት ቀያይሬያለሁ። አንዱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር ነበር፤ ጨርቅ በጎተትኩ ቁጥር ይይዝብኝ ነበር። አንዱ በስፕሪንግ የሚሠራ ነው፤ ዝቅ ሳደርገው ቀስ እያለ ተመልሶ ይነሳል። ሦስተኛው ዓመት ሳይሞላው አንገቱን ደፋ።

ቲዚዮን ያገኘሁት ማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። 70 ዩሮ ከፈልኩ። ሻጩ «ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ስሰካው አልበራም። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሚዛኑ። የዚህ መብራት ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉት። እያንዳንዱ ክንድ በአንድ ጫፉ የሚሸከመው ነገር አለ፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ያንን የሚያመዛዝን ክብደት አለ። ስፕሪንግ የለውም። እያዞርን የምናጠብቀው ብሎንም የለውም። የእህል በረንዳን ሚዛን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ አንዱ ወገን ሌላውን ይዞታል። በግራ እጄ ጨርቁን ይዤ በቀኝ እጄ ጣት ገፋ አደርገዋለሁ። ሄዶ ይቆማል። ጣቴን ሳነሳ አይመለስም፣ አያዘቀዝቅም። ዛሬም ልክ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ነው። ስፕሪንግ ይደክማል፤ ክብደት ግን አይደክምም።

ቀሚስ ለማሳጠር የመጡ አንዲት እናት ክንዱ ጠረጴዛውን አቋርጦ ተዘርግቶ ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር አይወድቅም?»

«አይወድቅም እማማ፣ ይግፉት እስቲ።»

በፍርሃት ነካ አደረጉት። ከዚያ ቡናው እስኪደርስ ድረስ ሲገፉትና ሲመልሱት ቆዩ።

መቀመጫው ከቡና ረከቦት በብዙ ያነሰ ክብ ነገር ነው። ሊይዘው የቻለው ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ነው። የግድግዳውን 230 ቮልት ወደ 12 ያወርደዋል። ትራንስፎርመር በተፈጥሮው ከባድ ነው፤ ያ ክብደት ደግሞ መብራቱን ከመገልበጥ ያድነዋል። ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ በክንዶቹ ብረት በራሱ ውስጥ ይሄዳል። ከመቀመጫው ወደ ላይ የሚወጣ ሽቦ አታዩም። የሚጠላለፍ የለም፣ በመታጠፍ ብዛት የሚበጠስ የለም።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን መገጣጠሚያው ነው። ክንዶቹ የተያያዙት በብሎን አይደለም። የጃኬት ብረት ቁልፍ ታውቃላችሁ አይደል? ተጭነን «ቀጭ» የምናደርገው። እዚህም ያው ነው፤ ወንድና ሴት አለው፣ ተጭነህ ትገጥመዋለህ። በአምስተኛው ወር አንድ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ስስብ መብራቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ድምፁን ስሰማ ተሰበረ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ክንዱ ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ተኝቷል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ከሶኬት ነቅዬ መልሼ «ቀጭ» አደረግኩት፣ በራ። እንዲህ የታሰበው ሆን ተብሎ ነው፤ ሲወድቅ እንዳይሰበር ይላቀቃል። ዕድሜዬን ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቁልፍ መብራት ይሸከማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነው ማን ሠራው ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ሪቻርድ ሳፐር ይባላል፣ ጀርመናዊ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1932 ሙኒክ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍናም፣ የሰውነት አካል ጥናትም፣ ምህንድስናም ተምሮ በመጨረሻ የተመረቀው በንግድ ሥራ ነው። የመጀመሪያ ሥራው መኪና ነበር፤ ከ1956 እስከ 1958 መርሴዲስ ቤንዝ የቅርፅ ክፍል ውስጥ ሠራ። ከዚያ ሚላኖ ሄደ፣ ኑሮው እዚያው ሆነ። መጀመሪያ ጂዮ ፖንቲ ከሚባለው ጣልያናዊ አርክቴክት ዘንድ ሠራ፣ ቀጥሎ ማርኮ ዛኑሶ ከሚባለው ሌላ ጣልያናዊ አርክቴክት ጋር ለረጅም ዓመታት ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የልጆች የፕላስቲክ ወንበር ሠሩ። መኪናንም አልተወም፤ በ1970ዎቹ የፊያት የሙከራ መኪናዎች አማካሪ ነበር።

ቲዚዮ የወጣው በ1972 ነው። ሳፐር ለራሱ የሚሆን የሥራ መብራት ፈልጎ ነበር። ጠረጴዛው ሁልጊዜ በወረቀት የተሞላ ነው፣ መብራት ማስቀመጫ ቦታ የለውም። ስለዚህ ርቆ የሚቀመጥ፣ ግን ክንዱ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ መብራት አሰበ። ትንሽ ጭንቅላት ትንሽ አምፖል ይፈልጋል። ያኔ ሃሎጅን የሚባለው፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚያበራው አምፖል በብዛት የሚታወቀው በመኪና የፊት መብራት ነበር። ያንን ወደ ጠረጴዛ ካመጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው መብራት ነው። መኪና ቤት የሠራ ሰው እጅ ያለበት መሆኑ ይሄን ሳውቅ ነው የታየኝ። በ1979 የጣልያንን ትልቁን የዲዛይን ሽልማት፣ ኮምፓሶ ዶሮን ተቀበለበት።

አንድ ማታ ይህን እያነበብኩ ቆምኩ። የማነበው ያገለገለ ቲንክፓድ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ስንት ቢሮና ስንት የጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው ያ ጥቁሩ ላፕቶፕ። በ1992 የወጣው የመጀመሪያው ጥቁር ቲንክፓድ፣ 700ሲ፣ የሳፐር ሥራ ነው። ሐሳቡ የጃፓኖች የምሳ ሣጥን ነበር፤ ከውጭ ቀላል ጥቁር ሣጥን፣ ስትከፍተው ውስጡ ሙሉ። ቀና ብዬ መብራቱን አየሁ። መብራቱ ጥቁር ሆኖ ማብሪያውና መገጣጠሚያው ላይ ቀይ አለበት። ላፕቶፑም ጥቁር ሆኖ ፊደሎቹ መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ አለችው። ሁለቱም ላይ ቀዩ የተቀመጠው ጣት ወይም ዓይን እንዲፈልገው በታሰበበት ቦታ ነው። ስንት ወር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጫቸው አላየሁትም!

አሁን ወደ ችግሮቹ። ያን ቀን አለመብራቱ ከቆሻሻ ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በመገጣጠሚያዎቹ ስለሆነ እነሱ ላይ አቧራ ወይም ዝገት ከያዘ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ አይበራም። የእኔው የዓመታት አቧራ ነበረበት። ከሶኬት ነቅዬ ቁልፎቹን አላቀቅኩ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኳቸው፣ በራ። አሁንም በየሦስት ወሩ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ጥጥና ብናኝ በማይጠፋበት ቤት የግድ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሃሎጅን ያቃጥላል። ጭንቅላቱን ሳላስብ ይዤ ጣቴን ለበለበኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አጠገቡ ቀጭን መያዣ ተሠርቶለታል። ልብስ ለሚሰፋ ሰው ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ነጠላም ሆነ የተንጠለጠለ ክር እንዳይነካው። ለጥበቃ ብዬ ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ስንዝር አርቄዋለሁ። ለረጅም ስፌት ደግሞ ማብሪያው ሁለት ደረጃ ስላለው ዝቅ ባለው ላይ አደርገዋለሁ።

ሦስተኛው የአምፖል ጉዳይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሃሎጅን ከገበያ እየወጣ ነው። በኤልኢዲ ልቀይረው ሞክሬ ነበር፤ የገዛሁት አምፖል ወፍሮ ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባም። እውነት ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። በሃሎጅን ብርሃን ቀለም በትክክል ይታያል። የመስቀል ጥልፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊውን ክር ከጥቁሩ፣ የድሮውን ወርቃማ ከአዲሱ ወርቃማ ለይቼ የምመርጠው በእሱ ነው። በፊት ማታ የመረጥኩትን ክር ጠዋት መስኮት ጋ ወስጄ አይ ነበር። አሁን ትቻለሁ። መለዋወጫ አራት አምፖል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አዲስ የሚገዛ ሰው ኤልኢዲ የተገጠመለትም አለ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሰክቶ እንዲያበራላችሁ ጠይቁ። ሲበራ ክንዶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ፤ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ካለ መጽዳት ይፈልጋል፣ ዋጋ ቀንሱበት። ከዚያ ጭንቅላቱን ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪል ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከተነሳ ወይም ከወደቀ የሆነ ክብደት ጎድሎታል ወይም በሌላ ተቀይሯል፤ እሱን አትግዙት።