ሼልቢ ጂቲ350፦ የጣሊያን ጩኸት በማስታንግ ሆድ

የፎርድ ማስታንግ መኪና ወዳጆች ሰብሰብ ካሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። "የፌራሪ ዓይነት ሞተር ለእኛ መኪና ምን ይሠራል?" እኔ የ2015ቱን ማስታንግ ጂቲ ነው የምነዳው። ሰሞኑን እዚህ ቨርጂኒያ የጓደኛዬን ሼልቢ ጂቲ350 ነዳሁ፤ ክርክሩን የምታስነሳው ልዩ ማስታንግ እሷ ናት።

ሞተሩ 5.2 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው፤ 526 የፈረስ ጉልበት አለው። ልዩነቱ ክራንክሻፍቱ ላይ ነው፤ የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ ማለት ነው። በተለመደው የአሜሪካ ቪ8 ክርኖቹ በ90 ዲግሪ ይደረደራሉ፤ እዚህ ግን እንደ ፌራሪ በ180። በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይሄዳል። ከ6,000 ሲያልፍማ ወይ ጉድ! ማጉረምረሙ ቀርቶ ይጮኻል፤ ሰውነቴን ወረረኝ።

ግን ይንቀጠቀጣል። መስታወቱም፣ መሪውም፣ የማርሹ ዘንግም። ዝቅ ባለ ዙር ደግሞ ይለግማል፤ ከትራፊክ መብራት ስነሳ የእኔው ባለ 5.0 ሊትር ጂቲ ይሻለኛል። ማርሹ በእጅ ብቻ ነው፤ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ግራ እግር አበሳውን ያያል።

አንጋፋዎቹ የማስታንግ ወዳጆች "ጉልበት ከፈለግክ ሱፐርቻርጀር (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ግጠም" ይላሉ። ለቀጥታ መንገድ እውነታቸውን ነው። ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ግን አልስማማም። ገንዘቡ ቢኖረኝ ለቅዳሜና እሁድ እገዛት ነበር። ለሥራ መመላለሻ ግን በነፃም አልፈልጋት።