ኮርግ ሞኖሎግ፦ ማሲንቆ የሚያንቀጠቅጠው ማዞሪያ

የሰርግ ኪቦርዲስት ነኝ። ለዓመታት የማሲንቆ ድምፅ የማወጣው ኪቦርዱ ውስጥ ተቀድቶ ከመጣው ነበር። ሁሌም አንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣል። ሞኖሎግን የገዛሁት ንቅጥቃጤውን በራሴ እጅ ልሥራው ብዬ ነው።

ሞኖሎግ በ2017 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ የኮርግ ኩባንያ አናሎግ ሲንተሳይዘር ነው፤ የተቀዳ ድምፅ አያሰማም፣ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ማሲንቆም ክሩ አንድ ነውና ይህ ለእኔ ጉድለት አይደለም። ቁልፎቹ 25 ናቸው፤ ቀጫጭን ስለሆኑ ጣት እስኪለምዳቸው ያስቸግራሉ። በ6 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢሄድም ልምምዴ አይቋረጥም።

ዋናው ነገር ኤልኤፍኦው ነው። ኤልኤፍኦ ራሱ የማይሰማ፣ ሌላውን ድምፅ ግን የሚያወዛውዝ ዝግ ያለ ሞገድ ነው። እዚህ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከፒች (የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት)፣ ከሼፕ (የሞገዱ ቅርፅ) እና ከካትኦፍ (የድምፁ ድምቀት የሚቆረጥበት ልክ) አንዱን መርጦ ይነካል። ሁለቱን ባንዴ አይሆንም። እኔ ሦስት ማዕዘኑን ሞገድ ወደ ፒች ላክሁት። ፍጥነቱን በሰከንድ 6 ጊዜ ገደማ አደረግሁት፤ የዘፋኝ ድምፅም የሚርገበገበው እዚያው አካባቢ ነው። ትንሿ ስክሪን ላይ ሞገዱ ሲሳብና ሲሰበሰብ ይታያል።

አጎቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። ጠርቼ ትዝታ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ልጄ፣ ገና ሳይቀመጥ ለምን ታንቀጠቅጠዋለህ? መጀመሪያ ይረፍ» አለኝ። ማሲንቆውን አንስቶ አሳየኝ። ጣቱ ክሩን ነክቶ ለአፍታ ይቆማል። ድምፁ ይጠራል። ከዚያ ነው መርገብገብ የሚጀምረው፤ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ሰፋ እያለ።

ሞኖሎግ ላይ ኤልኤፍኦውን አዘግይቶ የሚያስገባ ማዞሪያ የለም። ስለዚህ ግራ እጄ ሥራ አገኘ። የኤልኤፍኦውን መጠን ዜሮ ላይ አድርጌ በቀኝ እጄ እጫወታለሁ፤ ድምፁ ሲቀመጥ በግራዬ ማዞሪያውን ቀስ አድርጌ ከፍ አደርጋለሁ። ቀጣዩን ድምፅ ከመንካቴ በፊት ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። እጄ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አሁን ግን የትኛው ድምፅ እንደሚንቀጠቀጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ተደጋጋሚ ዜማ ሲሆን ባለ 16 እርምጃው ሲኩዌንሰር (ዜማ ይዞ ደጋግሞ የሚጫወተው ክፍል) የማዞሪያውን እንቅስቃሴ ጭምር ይቀዳልኛል።

ሌላም የወደድሁለት ነገር አለ። እያንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው ልክ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ መቃኘት ይቻላል። ይህን የሠሩት ከሙዚቀኛው አፌክስ ትዊን ጋር ነው። አንቺሆዬን በተራ ኪቦርድ ተጫውቶ ጆሮው የቆረቆረው ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ኮርድ (ባንዴ የሚመቱ ብዙ ድምፆች) ለሚፈልግ አይሆንም፤ ሌላ ይግዛ። አንድ ዜማ ይዞ ለሚያለቅስ ግን ይሆናል። በቀደም አጎቴ ደግሞ መጥቶ ትዝታውን ሰማ። እስከ መጨረሻው ጠብቆ፣ «እስቲ አሁን ባቲውን» አለኝ።