«ባንድ 7 ዋስትና» ለሚሸጡ የእንግሊዝኛ ፈተና ማሰልጠኛዎች ከመክፈላችሁ በፊት

በውጭ አገር ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ለመማር አይኤልትስ ወይም ቶፍል የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ለመፈተን ለምትዘጋጁ ሁሉ፣ እንዲሁም ለልጆቻችሁ ለምትከፍሉ ወላጆች፦ በአዲስ አበባ «የንባብና የጽሁፍ ልዩ ፓኬጅ» በሚል ስም የሚሸጥ ሥልጠና አለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንድ 7፣ ማለትም በአይኤልትስ ከ9 የሚሰጠውን 7 ውጤት፣ እንደሚያስገኝ በማስታወቂያው ላይ ዋስትና ይሰጣል፤ ክፍያውም ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ይጠየቃል። ይህን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን እንድታነቡ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የተቋሙን ስም የማልጠቅሰው ተመሳሳይ ውል የሚያስፈርሙ ከአንድ በላይ ስለሆኑ ነው፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው የትኛውም በር ላይ ቢያገኘው ይለየዋል።

በሙያዬ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የእህቴ ልጅ በዚህ ፓኬጅ ተመዝግባ ከጨረሰች በኋላ የፈረመችውን ውል፣ የተሰጣትን የፎቶ ኮፒ ጥራዝ፣ የሞዴል ፈተና ውጤቶቿንና ታርመው የተመለሱላትን ጽሁፎች አምጥታ አሳየችኝ። የተከፈለው ገንዘብ ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ እናቷ ያገኘችውም ከዕቁብ ነው። የፈተናው መመዝገቢያ ደግሞ ለብቻው የሚከፈል ነው።

አስቀድሜ የተመለከትኩት የታረሙትን ጽሁፎች ነበር። በእያንዳንዳቸው ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው፣ 6.5» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈባቸውም። በአንደኛው ላይ የተሰጣት ጥያቄ መንግሥት ገንዘቡን በአዳዲስ መንገዶች ላይ ወይስ በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ቢያውል ይሻላል የሚል ሆኖ ሳለ፣ ልጅቷ ስለ አየር ብክለት ብቻ ጽፋ ጨርሳለች፤ ከጥያቄው መውጣቷን ግን የነገራት የለም። በሁለተኛው አንቀጽ ግስ የሌለው ዓረፍተ ነገር አለ፤ በሦስተኛው አንቀጽ ባለቤቱ ብዙ ቁጥር ሆኖ ግሱ በነጠላ ቁጥር ተጽፏል፤ በአንዱም ሥር አልተሰመረም። የአይኤልትስ የጽሁፍ ክፍል የሚመዘነው ግን በአራት መስፈርቶች ሲሆን፣ እነሱም ለጥያቄው የተሰጠው ምላሽ፣ የሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ የቃላት አጠቃቀም፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከውጤቱ 25 በመቶ ይይዛሉ። ከጥያቄው የወጣ ጽሁፍ በመጀመሪያው መስፈርት እንደሚጎዳ ማንኛውም ይህን ፈተና አስተምራለሁ የሚል ሰው ሊያውቀው ይገባል። አራቱን መስፈርቶች ለየብቻ ሳይመዝኑና የጎደለውን ሳያመለክቱ የሚጻፍ «6.5» እርማት ሊባል አይችልም፤ ለእርማቱ ግን ተከፍሏል።

ከዚህ የከፋው እርማቱን ተክቶ የተሰጣቸው ነገር ነው። ጥራዙ ውስጥ ለሁለተኛው ጽሁፍ፣ ማለትም ቢያንስ 250 ቃላት ለሚጻፍበትና ከመጀመሪያው የ150 ቃላት ጽሁፍ እጥፍ ነጥብ ለሚይዘው ክፍል፣ በቃል የሚጠኑ ዝግጁ ድርሰቶች ተደርድረዋል። አጀማመራቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «በአሁኑ ዘመን … የሚለው ጉዳይ በኅብረተሰቡ ዘንድ ከፍተኛ ክርክር አስነስቷል፤ አንዳንዶች … ሲሉ ሌሎች ግን …» ይልና በነጥቦቹ ቦታ የዕለቱን ርዕስ እንዲሞሉ ያዛል። ተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ የሚፈተኑትም ይህን ሸምድደው መገኘታቸውን ለማረጋገጥ ነው። በአንጻሩ ፈተናው በይፋ ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ መግለጫ፣ መልሱ ሙሉ በሙሉ በቃል የተጠና መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ዜሮ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በከፊል የተሸመደደ ጽሁፍም ቢሆን አራሚውን አያሳስትም፤ ከመግቢያው ያማረ አንቀጽ ቀጥሎ የተማሪው የራሱ እንግሊዝኛ ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ቤተሰቡ የከፈለው ልጅቷን ለሚጎዳ ልምምድ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

የንባቡን ክፍል በተመለከተ የሞዴል ፈተናዎቹን ስመረምር ያገኘሁት ነገር ከስህተት በላይ ሆኖብኛል። አይኤልትስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚፈለገው አካዳሚክ ሲሆን፣ ሌላው በአመዛኙ ለሥራና ለስደት ጉዳይ የሚያገለግለው ጀነራል ትሬኒንግ ነው። የጀነራል ትሬኒንግ የንባብ ክፍል ማስታወቂያዎችን፣ የሥራ ቦታ መመሪያዎችንና የመሳሰሉትን ቀለል ያሉ ጽሁፎች ስለሚይዝ፣ አንድ ዓይነት ባንድ ለማግኘት ከአካዳሚኩ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ይጠይቃል። ከ40 ጥያቄዎች 30 የመለሰ ሰው በአካዳሚኩ በአማካይ ባንድ 7 ያገኛል፤ በጀነራል ትሬኒንግ ግን ያው 30 ባንድ 6 ነው። ተቋሙ ለተማሪዎቹ የሰጣቸው የጀነራል ትሬኒንግ ጽሁፎችን ሲሆን፣ ውጤቱን ወደ ባንድ የቀየረው ግን በአካዳሚኩ ሠንጠረዥ ነው። በዚህ መንገድ በማዕከሉ ውስጥ የሁሉም ውጤት አንድ ባንድ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወላጅም ልጁ ተሻሽሏል ብሎ ቀጣዩን ፓኬጅ ይከፍላል። በዚያ ላይ መልስ ወደ መልስ ወረቀት ለመገልበጥ ተብሎ አሥር ደቂቃ ተጨምሮላቸዋል። በንባብ ክፍል እንዲህ ያለ ተጨማሪ ጊዜ የለም፤ ሦስቱ ጽሁፎችና 40ዎቹ ጥያቄዎች ከነመልስ አሰፋፈራቸው በ60 ደቂቃ ማለቅ አለባቸው።

የማስተማሪያ ዘዴያቸውም «ጽሁፉን አታንብቡ፣ ተመሳሳይ ቃል ፈልጉ» የሚል ነው። «እውነት፣ ሐሰት፣ አልተገለጸም» በሚባለው የጥያቄ ዓይነት ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚያስት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጽሁፉ «ከድርቁ በኋላ ከሸለቆው ገበሬዎች ግማሽ ያህሉ ብቻ ማሽላ መዝራት ጀመሩ» ይላል እንበል። «የሸለቆው ገበሬዎች በሙሉ ከድርቁ በኋላ ወደ ማሽላ ዞሩ» የሚለው ሐሰት ነው፤ ምክንያቱም ጽሁፉ በግልጽ ይቃረነዋል። «ማሽላ ከቀድሞው ሰብል የተሻለ ገቢ አስገኘላቸው» የሚለው ግን ሐሰት ሳይሆን አልተገለጸም ነው፤ ጽሁፉ ስለ ገቢ ምንም አላለምና። ድርቅ፣ ገበሬና ማሽላ የሚሉትን ቃላት ብቻ ያሳደደ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳይጠራጠር እውነት ይለዋል። ይህን ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ «ብቻ»፣ «በሙሉ»፣ «አብዛኞቹ» የሚሉትን ቃላት መመዘን ያስፈልጋል፤ ልምዱም የሚመጣው የተሳሳቱበትን ጥያቄ ከአስተማሪ ጋር ተመልሶ በማየት ነው። በዚህ ፓኬጅ ግን የመልስ ቁልፉ በቴሌግራም ይላክላቸዋል እንጂ ስለ ስህተታቸው የሚያስረዳቸው የለም።

ቶፍል የምትፈተኑ ደግሞ የጥራዙን ዕድሜ አጣሩ። የቶፍል አዘጋጅ የሆነው ኢቲኤስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ፈተናውን ሲያሳጥር የ30 ደቂቃውን ነጻ ድርሰት አስቀርቶ የአካዳሚክ ውይይት ጽሁፍ ተክቶበታል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ እንደገና ተለውጦ፣ የንባቡ ክፍል ጥያቄዎች እንደ ተፈታኙ አመላለስ የሚከብዱና የሚቀሉ ሆነዋል፤ በጽሁፉ ክፍል ኢሜይል መጻፍ ገብቷል፤ የውጤቱም መለኪያ ከ1 እስከ 6 ሆኗል። እኔ ያየሁት ጥራዝ አሁንም የቀረውን ድርሰት ያስተምራል። ተቋሙ «ለሁለቱም ፈተና የሚሆን አንድ ጥራዝ» ብሎ መሸጡ ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል፤ ሁለቱ ፈተናዎች በአዘጋጅም፣ በጥያቄ ዓይነትም፣ በነጥብ አሰጣጥም የተለያዩ ናቸው።

አሁን ወደ ዋስትናው ልምጣ። ማስታወቂያው በትልቅ ፊደል የጻፈውን ውሉ በትንሽ ፊደል ይሽረዋል። ዋስትናው የሚሠራው ከአንድም ክፍለ ጊዜ ላልቀረ፣ የቤት ሥራውን በሙሉ በቀኑ ላስረከበና ሥልጠናው ባለቀ በአንድ ወር ውስጥ ለተፈተነ ሰው ብቻ እንደሆነ ውሉ ይገልጻል። ይህን ሁሉ ያሟላ ሰውም ቢሆን ገንዘቡ አይመለስለትም፤ የሚያገኘው ያንኑ ሥልጠና እንደገና መከታተል ነው። ያልጠቀመን ሥልጠና መድገም እንዴት ካሳ ሊሆን እንደሚችል አይገባኝም። ውጤት የሚሰጠው ፈታኙ አካል እንጂ አሰልጣኙ አይደለም፤ ስለሆነም ማንም ማሰልጠኛ የባንድ ዋስትና የመስጠት ሥልጣን የለውም።

አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው «የወጣ ጥያቄ»፣ ማለትም ከፈተናው በፊት ሾልኮ ወጣ የሚሉትን ጥያቄ፣ በቴሌግራም ይሸጣሉ። ይህን በምንም ዓይነት አትንኩት። ፈታኞቹ ተቋማት ማጭበርበር ሲጠረጥሩ ውጤት ይይዛሉ፣ ይሰርዛሉም። ዩኒቨርሲቲዎችም የአይኤልትስን ውጤት በኦንላይን ማረጋገጫ ስለሚያመሳክሩ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት አያልፍም፤ የሚተርፈው የተበላሸ ማመልከቻ ነው።

አሜሪካ ገብታችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልትመዘገቡ ላሰባችሁም አንድ ነገር ልበል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ብዙ ኮሌጆች አዲስ ተማሪን ለመመደብ የሚጠቀሙት አኩፕሌሰር የተባለው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና፣ የትኛው ክፍል እንደምትጀምሩ የሚወስን እንጂ ማለፍና መውደቅ ያለበት አይደለም። ስለዚህ «እናሳልፋችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የማይኖር ነገር እየሸጠ ነው። የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ኮሌጅ ቦርድ ራሱ በነጻ ያቀርባል።

ለአይኤልትስና ለቶፍልም ቢሆን ይኸው ነው። የአይኤልትስ አዘጋጆች የሆኑት ብሪቲሽ ካውንስልና አይዲፒ፣ እንዲሁም ኢቲኤስ ነጻ የናሙና ፈተናዎች በድረ ገጾቻቸው አሏቸው፤ የአይኤልትስ የጽሁፍ መመዘኛ መግለጫም ለሕዝብ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት ግን የምታመለክቱበትን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ክፍል በኢሜይል ጠይቁ፤ በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የሚገልጽ ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ፈተናው የግድ ከሆነና በራሳችሁ መዘጋጀት ካልቻላችሁ፣ ገንዘባችሁን ጽሁፋችሁን መስመር በመስመር ለሚያርም ሰው ክፈሉ። ማሰልጠኛ ከመረጣችሁም የታረመ የተማሪ ጽሁፍ አንድ ናሙና እንዲያሳዩዋችሁ፣ የሞዴል ፈተናው አካዳሚክ ወይስ ጀነራል ትሬኒንግ እንደሆነ እንዲነግሯችሁ፣ በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ልምምዱም በኪቦርድ እንዲሆን ጠይቁ፤ የእህቴ ልጅ የተመዘገበችው በኮምፒውተር ለሚሰጠው ፈተና ሆኖ ሳለ፣ በሥልጠናው ጊዜ ግን አንድም ጽሁፍ በኮምፒውተር አልጻፈችም። መልሱ ከተድበሰበሰ ውጡ። ክፍያውን ከፋፍላችሁ እንዳትከፍሉ የሚከለክሉ ከሆነም አትመዝገቡ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ መብት አላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስታወቂያው ከቴሌግራም ገጹ ከመሰረዙ በፊት ስክሪንሾት አንሱት፤ ከውሉ ቅጂና ከታረሙት ጽሁፎች ጋር አያይዛችሁ ገንዘባችሁ እንዲመለስ በመጀመሪያ ለተቋሙ በጽሁፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ አስፈርማችሁ ያዙ። ምላሽ ካጣችሁ ጉዳዩን ወደ ንግድ ቢሮ መውሰድ ትችላላችሁ። የእህቴ ልጅ ማመልከቻዋን አስገብታ መልስ እየጠበቀች ነው። ክፍያውን ያለ ደረሰኝ በግለሰብ ስም በቴሌብር ወይም በባንክ ያስገባችሁ ግን ማስረጃችሁ ያ ዝውውር ብቻ ስለሆነ፣ የዝውውሩን ማረጋገጫ ዛሬውኑ አትማችሁ አስቀምጡ።