ለአይቲ ቅጥር የትኛውን ዳታቤዝ ሰርቨር ላጥና? ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኦራክል፣ ማይኤስኪውኤል እና ፖስትግረስ ሲነጻጸሩ

ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ያሉ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን የአይቲ ቅጥር ማስታወቂያ ስታነቡ አራቱም የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሰርቨር ስሞች በአንድ መስመር ተደርድረው ታገኙ ይሆናል። አራቱንም በአንድ ወር ለመያዝ አትሩጡ። መጠይቂያ ቋንቋቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ የሚለያዩት አጫጫናቸው፣ አያያዛቸውና ሲበላሹ የሚያሳዩት ምልክት ነው። አንዱን ጭናችሁ፣ ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ፣ መልሳችሁ እስክታስነሱት ድረስ ያዙት። የትኛውን እንደሆነ የሚወስነው የምታመለክቱበት ቤት ነው።

የሂሳብና የሰው ኃይል ፕሮግራሙን በዊንዶውስ ሰርቨር ለሚያሠራ ድርጅት ኤስኪውኤል ሰርቨርን ምረጡ። ከነፃዎቹ እትሞች ለልምምድ የሚሻለው ዴቨሎፐር ነው፤ የኢንተርፕራይዝን ሙሉ ችሎታ ይዟል፣ የተከለከለው ለመደበኛ ሥራ ማዋል ብቻ ነው። የ2022 ኤክስፕረስ ግን አንድን ዳታቤዝ በ10 ጊጋባይት ይገድባል፤ ባክአፕን በቀጠሮ የሚያስኬደው ኤጀንትም የለውም። ሰርቨሩን የምታዙበት ማኔጅመንት ስቱዲዮ ለብቻው እንደሚጫን አትርሱ። ከሌላ ኮምፒዩተር አልገናኝ ካለ ኮንፊገሬሽን ማኔጀር ውስጥ ቲሲፒ አይፒ (የኔትወርክ መገናኛው) ተዘግቶ እንደሆነ እዩ፤ ከፍታችሁ ሰርቪሱን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ፋየርዎል ላይም ፖርት 1433ን ፍቀዱ። ስህተት 18456 ከመጣ ግን ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል፤ ያልተቀበለው መግቢያችሁን ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሲጫን የዊንዶውስ መግቢያ ብቻ መመረጡ ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን ሰንጋ ተራ አካባቢ ለገነቡት ባንኮች የምታመለክቱ ከሆነ ኦራክልን አጥኑ፤ ለምሳሌ ፍሌክስኪዩብ የተባለው የባንክ ሲስተም የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ከአራቱ ከባዱም እሱ ነው። ነፃው 21ሲ ኤክስፕረስ 2 ጊጋባይት ራምና 12 ጊጋባይት የተጠቃሚ ዳታ ይፈቅዳል፤ ላፕቶፓችሁ ግን 8 ጊጋባይት ራም ከሌለው ትቸገራላችሁ። ስህተት ኦአርኤ 12541 ማለት በፖርት 1521 የግንኙነት ጥያቄ የሚጠብቀው ሊስነር አልተነሳም ማለት ነው። ኦአርኤ 65096 ደግሞ ተጠቃሚውን የፈጠራችሁት ሌሎቹን ዳታቤዞች የሚይዘው ዋናው ኮንቴነር ውስጥ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ወደ ውስጠኛው ዳታቤዝ ተሻግራችሁ ፍጠሩት።

ማይኤስኪውኤል ለድረ ገጽ ሥራ ይበቃል፣ ቶሎም ይለመዳል። የድረ ገጽ መለማመጃ ጥቅሉን ዛምፕን ስትጭኑ የምታገኙት ከማይኤስኪውኤል የወጣውን ማሪያዲቢን መሆኑን ብቻ እወቁ። ሠንጠረዡ ማይአይሳም በተባለው የማስቀመጫ ዘዴ ከተሠራ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሊበላሽ ይችላል፤ ኢኖዲቢ የተባለው ግን ከሎጉ (ከለውጥ መዝገቡ) ራሱን ይመልሳል።

ለሶፍትዌር ቤቶች፣ ወይም ገና የት እንደምታመለክቱ ላልወሰናችሁ፣ ምርጫዬ ፖስትግረስ ነው። ነፃ ነው፣ የመጠን ገደብ ያለበት የልምምድ እትም የለውም፣ አሠራሩም ንጹህ ነው። ከውጭ አልገናኝ ሲል ሁለት ቦታ ተመልከቱ፦ የሚያዳምጥበት አድራሻ ሎካልሆስት ብቻ ከሆነ ለውጣችሁ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፤ ማን ከየት እንደሚገባ በሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ላይ የሚጨመረው የፈቃድ መስመር ግን ሪሎድ (ሰርቨሩን ሳያጠፉ እንደገና ማስነበብ) ብቻ ይበቃዋል።

አማርኛ ሲገባበት ልዩነታቸው ጎልቶ ይወጣል፤ ፈታኝ ባይጠይቃችሁም ሥራው ይጠይቃችኋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተለመደው ኮሌሽን (የፊደላት ደንብ) ዓምዱ ኤንቫርቻር የተባለው የዩኒኮድ ጽሑፍ ዓይነት ካልሆነና ከጽሑፉ በፊት የላቲን ኤን (N) ፊደል ካልተደረገ «አበበ» የሚለውን የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የጠፋው ጽሑፍም አይመለስም። ኦራክል ቫርቻር2 የተባለውን የጽሑፍ ዓይነት ካልነገሩት የሚቆጥረው በባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 20 የተባለ የስም ዓምድ «ገብረመድኅን»ን አይቀበልም፤ 7 ፊደል 21 ባይት ነው። 20 ቻር ብላችሁ ፍጠሩት። ፖስትግረስ በፊደል ይቆጥራል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 ጀምሮ ያለ ችግር ይቀበላል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ አማርኛ በማይዘው ላቲን1 የቀሩ ሠንጠረዦችን ግን ፈትሹ።

«ትራንኬት ያደረጋችሁትን (ሠንጠረዡን ባዶ ያደረጋችሁበትን) መመለስ ይቻላል?» ብትባሉ መልሱ እንደ ሰርቨሩ ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨርና በፖስትግረስ ገና ባልጸደቀ ትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ትእዛዞች) ውስጥ ከሆነ በሮልባክ ይመለሳል፤ በኦራክልና በማይኤስኪውኤል ግን ትእዛዙ ራሱ ለውጡን ስለሚያጸድቅ አይመለስም።

ከሁሉ በላይ የምትለማመዱት ሪስቶር (ከባክአፕ መመለስ) ይሁን። በኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ሎጉ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነውን ሪከቨሪ ሞዴል ፉል አድርጋችሁ እንዲህ ሞክሩት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሙሉ ባክአፕ፣ ከዚያ በየሰዓቱ የሎግ (የለውጥ መዝገብ) ባክአፕ አድርጉ፤ የሎግ ባክአፕ ከቀረ ሙሉ ባክአፕ ብቻውን ሎጉን አያሳጥረውም፣ ፋይሉ ዲስኩን ይሞላል። ቀን 5 ሰዓት ከ20 ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሰርዙ። መጀመሪያ የቀረውን ሎግ ባክአፕ አድርጉ። ሙሉውን በኖሪከቨሪ (ሎግ እንዲጨመርበት ሳይከፈት) በሌላ ስም መልሱ፣ ሎጎቹን በቅደም ተከተላቸው አስከትሉ፣ የመጨረሻውን በስቶፕአት ከስረዛው አንድ ደቂቃ በፊት አቁማችሁ በሪከቨሪ ክፈቱት፤ ሠንጠረዡን ከዚያ ቅዱ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የራሱን ሰዓት ስለሆነ የምትጽፉት 5:19 ሳይሆን 11:19 ነው። 5:19 ብትጽፉ ሰርቨሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ19 አድርጎ ይወስደዋል፤ ቀደም ሲል ያስከተላችኋቸው ሎጎች ያንን ሰዓት ስላለፉም ስህተት ይሰጣችኋል።